ፋይሏ ጨፋ፣ ልጅቷ ከሚሴ

ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር አልነበረም። ይህን የነገረኝ ሰው ሁሉ አንድ ያልሰማሁትን ወሬ እንዳደረሰኝ እየቆጠረ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከአውቶቡስ ስወርድ ዙሪያዬን አይቼ ተረድቼዋለሁ። በትምህርት ቤቱ መብራት እንኳ የሚመጣው ጄኔሬተሩ ደስ ሲለው ነበር። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስማር ፕሮግራም መጻፍ የሚባለውን ነገር ቀምሼ ነበርና፣ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ተመድቤ ስመጣ ያወቅኩትን ይዤው ዝም ብዬ ልቀመጥ አልቻልኩም።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ከሰዓት በኋላ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ፕሮግራም ላስተምር አልኳቸው።

«በምን ላይ?» አሉኝ።

«በሰሌዳ ላይ።»

«አንቺ ልጅ፣ በሬ በሌለበት እርሻ ልታስተምሪ ነው?»

«ሞፈርና ቀንበሩን አስቀድመው ካወቁ በሬው ሲመጣ አይደናበሩም።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ በሥርዓት ማሰብ ተምረው ይቀራሉ። ምን ይጎዳቸዋል?»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ፂማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና፣ የፖለቲካ ውይይት ክበብ በሌለበት ቀን አንድ ክፍል እንድይዝ ፈቀዱልኝ። ከቢሮው ስወጣ ከኋላዬ ለጸሐፊያቸው «ደሴ እንደዚህ ነው የሚያሳድጋቸው» ሲሉ ሰማሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነውና እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

መጀመሪያ ያስተማርኩት የፋይል መረጃ የሚይዝ ቀላል ክላስ ነው። የመረጥኩት በምክንያት ነበር። በፕሮግራም ቋንቋ ክላስ ማለት ዕቃው አይደለም፤ የዕቃው ቅርጽ ነው። ይህን ለማስረዳት ተማሪዎቹን ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸውና ከመንገዱ ማዶ ብሎኬት የሚመቱትን ሰዎች አሳየኋቸው። ፎርማው አንድ ነው፤ ከሱ የሚወጣው ብሎኬት ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ፎርማው ራሱ ግድግዳ አይሆንም፤ ያለሱ የሚሠራው ግድግዳ ግን ጠማማ ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «የፋይል መረጃ» የሚል ሳጥን ሳልኩና በውስጡ ስም፣ ዓይነት፣ መጠን፣ ያለበት ቦታ፣ መጨረሻ የተነካበት ቀን ብዬ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፍኩ።

«ልብ በሉ» አልኳቸው። «ይህ ፋይሉ አይደለም። በፋይሉ ውስጥ ያለው ደብዳቤ፣ ውጤት፣ ፎቶግራፍ እዚህ የለም። ይህ ስለ ፋይሉ የምናውቀው ነው። አንድ ሰውና ስለ አንድ ሰው የሚወራው ነገር ሁለት እንደሆነ ሁሉ።»

ኮምፒውተር ስላልነበረን ኮምፒውተሩ እኛው ነበርን። አንዱ ተማሪ ትእዛዝ ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ረጅሙን የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ፋይል አድርገን መሐል አቆምነው።

«ስም?» አለው ትእዛዝ አንባቢው።

«የሁለተኛ ሴሚስተር ውጤት።»

«መጠን?»

«አሁን ቀጭን ነኝ። ከምሳ በኋላ ጠይቀኝ።»

«ያለህበት ቦታ?»

«ማል! ምን ማለትህ ነው? ዓይንህ የት ነው ያለው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። አገሯ ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ነው። ከመንደሯ ሴቶች እዚህ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፤ ከመስጊዱ ጀርባ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ትማራለች። ጥያቄ ከያዘች እስኪመለስላት የማትቀመጥ ዓይነት ነበረች።

«ቲቸር፣ ፋይሉ ሌላ ቦታ ሄዶ መረጃው ግን የድሮውን ቦታ ቢናገርስ? የሚታመነው የትኛው ነው?»

«ማሽን የሚያምነው መረጃውን ነው» አልኳት። «ሄዶ አያይም።»

«ወላሂ፣ ይሄማ የመዝገብ ቤታችን ሰውዬ ነው!»

እኔም ሳቅኩ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ለመልቀቂያ ፈተና የሚመዘገቡት ተማሪዎች ፎቶግራፋቸውን ይዘው ቢሮ እንዲቀርቡ ስማቸው ተጠራ። የሷ ስም አልተጠራም። ልትጠይቅ ሄዳ፣ ፎቶግራፎቿን በጣቶቿ እንደቆነጠጠች ወደኔ መጣች።

«የለሽም አሉኝ።»

«እንዴት የለሽም?»

«ፋይልሽ ጨፋ ሮቢት ሄዷል፤ ስለዚህ አንቺም ጨፋ ሮቢት ነሽ አሉኝ። ታዲያ እዚህ የቆምኩት ማን ነኝ ስላቸው፣ እሱን እኔ አላውቅም አሉኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጋ ሲጠና የተራራው ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳሉ፤ እዚያ ውኃው አይነጥፍም፣ ሣሩም አይደርቅም። ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ። አያቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። ገበሬውን በአንድ ቦታ የሚያሰባስበው የመንደር ምሥረታ ኮሚቴ ሊመዘግብ የመጣው ደግሞ በበጋ ነው። አባቷን ሜዳው ላይ አገኟቸውና «የት ነው የሚኖሩት?» ብለው ጠየቋቸው። በዚህ አገር ሰው የት ነህ ሲባል የሚናገረው ከብቶቹ ያሉበትን ነው። «እዚሁ ጨፋ» አሉ። ተጻፈ። ሜዳው ዳር፣ ጨፋ ሮቢት ላይ በመስመር ከተተከሉት ጎጆዎች አንዱ ተሰጣቸው። ዝናብ ሲመጣ ጎጆውን ዘግተው እንደ ወትሮው ከብቶቻቸውን ነድተው ወጡ። መውጣታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ የጻፈው ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የተማሪዎች ፋይል ቤተሰብ ወደ ተመዘገበበት መንደር ትምህርት ቤት ይተላለፍ የሚል ትእዛዝ ወጣ። መዝገብ ቤታችን ሌላ ጊዜ አንድ ወረቀት ለመፈለግ ሳምንት የሚፈጅ ነበር፤ ይህችን ግን በአንድ ቀን ፈጸማት። የጨፋ ሮቢቱ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያበቃ ነው። በፋይሏ መሠረት እንግዲህ ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል በሚያበቃ ትምህርት ቤት ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እዚያ የመልቀቂያ ፈተና የለም። እዚህ ደግሞ እሷ የለችም። የምዝገባው ቅጾች በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ይሄዱ ነበር።

ዳይሬክተሩ መፍትሔ አላት አሉ፤ ቤተሰቡ መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከገበሬ ማኅበሩ ታምጣ። እኔም ቀላል መስሎኝ አባቷን እንድትጠራ ነገርኳት። በማግስቱ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ፤ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«አስተማሪዋ» አሉኝ፤ «ሊቀመንበሩ ተመልሰዋል ብሎ ከጻፈ የተሰጠንን መንደር ጥለን ወጣን ማለት ነው። መሬቱን ይወስዱታል። እኔንም ይወስዱኛል።»

«ካልጻፈስ?»

«ካልጻፈ ልጄ አትፈተንም። ጆሮህን እንቁረጥ፣ ግራውን ነው ቀኙን ብለው እንደ መጠየቅ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። «አባ፣ ሊቀመንበሩን አይጠይቁት። እኔ በርስዎ ጆሮ አልፈተንም።»

«አብሽሪ» አሏት። ቃሉን አሉት እንጂ ፊታቸው ሌላ ነበር የሚናገረው።

የዚያን ቀን ከሰዓት የፕሮግራም ትምህርት ነበረን። ትቀራለች ብዬ ነበር፤ መጣች። አጋማሽ ላይ ሳታስፈቅደኝ ተነሥታ ጠመኔ አነሣችና ከሳልኩት ሳጥን ፊት ቆመች።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ ያለበት ቦታ ያልሽው አንድ መስመር ነው። እነሱም ያላቸው አንድ መስመር ነው። አባቴ እሱ ላይ ነው ያለው፣ እኔም እሱ ላይ ነኝ፣ ፋይሌም እሱ ላይ ነው። ሦስታችንን በአንድ ገመድ አስረውናል፤ አንዱ ሲጎተት ሁላችንም እንጎተታለን።»

ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ አዲስ መስመር ጨመረች፦ ባለቤት።

«ፋይሉ የማን ነው? የከሚሴ ትምህርት ቤት፤ የምማረው እዚህ ነው። አሁን ያለበት ቦታስ? ጨፋ ሮቢት መደርደሪያ ላይ። ይሄ ይቀየራል፣ ያ አይቀየርም። አባቴስ?» ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አባቴ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

እኔ ሳምንታት ሙሉ ያስተማርኩት ክላስ ጉድለት እንዳለው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የፋይሉን ባለቤትና የፋይሉን ቦታ አልለየሁም ነበር። መዝገብ ቤቱም አልለየም። እሷ ለየችው፤ አባቷንም ከነገሩ አስወጣቻቸው። አንድ መስመር ሁለት ሥራ ከተሰጠው አንዱን ሥራ ያበላሻል፤ ይህን ሕግ ከዚያ ወዲህ ባስተማርኩት ክፍል ሁሉ አስተምሬዋለሁ።

ቀጥዬ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ደብዳቤውን አመጣሽ?» አሉኝ።

«አላመጣሁም። አላመጣምም።»

«ምን አልሽ?»

«ደብዳቤው ስለ አባቷ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ፋይሉ ነው። ቤተሰቡ የተመዘገበበት እንደተመዘገበ ይቀመጥ፤ አንድ ፊደል አትነካ። የኛ ትምህርት ቤት ፋይል ግን ሌላ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ይመለስ።»

«በትእዛዝ ነው የሄደው።»

«ልጅቷስ በየትኛው ትእዛዝ ነው በየቀኑ ክፍሌ ውስጥ የምትቀመጠው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ። አንቺ ላጤ ነሽ። እኔ ልጆች አሉኝ። ነገ ካድሬው መጥቶ ማን ፈቀደ ሲል ጣቱን የሚቀስረው ወደ እኔ ነው። ደብዳቤ ካለ ደብዳቤውን አሳየዋለሁ። ደብዳቤ ከሌለ ምን ላሳየው? የአንቺን ሳጥን?»

ፍርሃታቸው የውሸት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው በትንሽ ነገር ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ ይቀር ነበር። ስለዚህ አልተከራከርኳቸውም። ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በማግስቱ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ማንንም ሳላስፈቅድ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ጨፋ ሮቢት ወረድኩ።

የዚያኛው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቢሯቸው በር ላይ ፍየሎች ጥላ ይዘው ተኝተዋል። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» አሉኝ፤ እኔም ያችኑ የማውቃትን «ነገያ» መለስኩ። ከከሚሴው ሁለተኛ ደረጃ መምጣቴን ስነግራቸው ብድግ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ልጆቹን ይዘሽ መጣሽ?»

«የትኞቹን ልጆች?»

ጥግ ላይ ወደ ቆመ ጆንያ ጠቆሙኝ። «እነዚያን! ጆንያ ሙሉ ተማሪ ላካችሁልኝ፤ እስካሁን አንድ እግር አልረገጠም። ስማቸውን ልጥራ? ማን አቤት ይለኛል፣ አይጥ?»

ለካ የሷ ብቻ አልነበረም። ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች የብዙዎቹ ፋይል፣ አባቶቻቸው በበጋ ሜዳው ላይ ስለተገኙ ብቻ፣ ጆንያ ውስጥ ነበር። እነሱም ተራቸው ሲደርስ የለሽም፣ የለህም ሊባሉ ነው። እኔ የሄድኩት ለአንድ ፋይል ነበር። ጆንያውን ሳይ ሐሳቤን ቀየርኩ።

ክላሱን አስረዳኋቸው። እንዴት አላስረዳም! ጠረጴዛቸው ላይ ባለው አቧራ ላይ በጣቴ ሳጥኑን ሳልኩ፣ ባለቤትና ቦታ እንዴት እንደሚለያዩ አንድ በአንድ አፍታታሁት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አልገባኝም» አሉ። «ጆንያው ግን ቦታ ይዞብኛል።»

«እንግዲያው የሚከተለውን ይጻፉልኝ፦ ንብረትነታቸው የከሚሴ ትምህርት ቤት የሆኑ፣ እዚህ በአደራ የቆዩ ፋይሎች ለባለቤታቸው ተመለሱ።»

«የሰው ስም የለበትም?»

«የትምህርት ቤት ስም ብቻ ነው።»

«ማን የት እንደሚኖርስ?»

«አይጠቀስም።»

«እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ። ስለ ሰው የሚጻፍ ከሆነ ግን እጄ ይንቀጠቀጥብኛል።» ፈርመው ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ተፉበትና መቱት።

ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ረዳት ጆንያውን ወደ ጣሪያ ሲያወጣ «ምንድን ነው፣ በርበሬ?» አለኝ።

«ተማሪዎች ናቸው።»

«ቀለል ይላሉ። ሳይበሉ ነው የሚማሩት ማለት ነው» አለና ወረወረው።

በነጋታው ጠዋት ጆንያውን ጎትቼ የዳይሬክተራችን ቢሮ ወለል ላይ አቆምኩት። ዕለቱ ቅጾቹ የሚሄዱበት ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፤ መልሱን ከአፌ ሳይሰሙ ያወቁት ይመስለኛል።

«ፋይሎቻችን።»

«አንዷን ነበር እኮ የምትፈልጊው! አንዷን!»

«አንዷን ብቻ ከመለሱ ለእሷ አዳሉ ይባላሉ፤ ለምን ተብለው ይጠየቃሉ። ጆንያውን ሙሉ ከመለሱ ግን የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። የመዝገብ ቤት ሥራ ማን ይጠይቃል?»

ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩት። እንደገና አነበቡት።

«ቤተሰብ የሚል የለውም።»

«የለውም።»

«ገበሬ ማኅበር የሚልስ?»

«እሱም የለም። ስለ ፋይል ብቻ ነው።»

ጆንያውን አዩት፣ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አዩዋት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሊቀመንበሩን፣ የአገሪቱን መሪ፣ ፎቶግራፍ አዩት። ከዚያ የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ጠሩና «እነዚህን ወደ ቦታቸው መልስ» አሉት። እሷን ግን ሳያዩ «አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ፎቶግራፍሽን አምጪ» አሏት። ቅጹን የሞላችው እዚያው ቆማ ነው።

ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን ከከደኑ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ግን ከእኔ አትተርፊም።»

አልተረፍኩም። በመምህራን ስብሰባ ላይ፣ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ በተገኘበት፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ በመውጣቴ ግለሂስ እንዳደርግ ተጠየቅኩ። ተነሣሁ። ያለ ፈቃድ መሄዴን፣ በእህል መኪና መሄዴን፣ የትምህርት ቤቱን ንብረት ወደ ትምህርት ቤቱ መመለሴን ተናገርኩና ተቀመጥኩ።

«አልጨረስሽም» አለኝ ካድሬው። «ስሕተቱን ማመን አለ፤ መጸጸት አለ።»

«የሠራሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ጸጸት ግን የለኝም፤ የሌለኝን ከየት አመጣለሁ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ካድሬው ፋይሎቹ ለምን እንደተመለሱ ሲጠይቅ ዳይሬክተሩ ደረቅ ባለ ድምፅ «የመዝገብ ቤት ሥራ ነው» አሉ። እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ፣ የፕሮግራም ትምህርቱም ኮምፒውተር እስኪመጣ እንዲቆም ተወሰነ።

በቀጣዩ ሰኞ ክላሱን በሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ ውስጥ አስገባሁት። ሒሳብ አታስተምሪ ይበሉኛ! ከዚያ በፊት በፈቃዳቸው የሚመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ አሁን የማስተምረው ክፍል ሁሉ ተማረው። አዲሱን መስመር ስጽፍ ማን እንደጨመረው ሳልነግራቸው ያለፍኩት ክፍል የለም።

የፈተናው ጠዋት ጊቢው በተፈታኞች ተሞላ። ፈታኙ የእያንዳንዱን ፎቶግራፍ ከፊቱ ጋር እያስተያየ ያስገባል። ተራዋ ሲደርስ ካርዷን አየ፣ እሷን አየ፣ በእጁ ግቢ አላት። አንዴ እንኳ ወደ ኋላ ሳትዞር ገባች፤ አልከፋኝም፤ እኔም ብሆን አልዞርም ነበር።

ዳይሬክተሩ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። እጃቸውን ከኋላ አጣምረው የተዘጋውን በር ያያሉ።

«ነገ ጠያቂ ቢመጣ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ጆንያውን ያመጣችው መምህርቷ ናት ነው የምለው።»

«ይበሉ» አልኳቸው። «እኔም ብጠየቅ የምለው ያንኑ ነው።»